ቱርቦ ከመገጠሙ በፊት የሙቀት መለኪያ ይቅደም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ይህን የምጽፈው ያለ ቱርቦ በተሠራው የላንድክሩዘር ዋን ኤች ዜድ የናፍጣ ሞተር ላይ ባለተንቀሳቃሽ ክንፍ ቱርቦ (በጭስ ኃይል እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ለማስገጠም ያሰቡ የአዳማ ባለንብረቶችን ለማሳሰብ ነው። ፍላጎታቸው ተገቢ ነው፤ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ከተማችን አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ በመሆኑ ሞተሩ ጉልበት ያጥረዋል። ይህ ቱርቦ በዝቅተኛ ዙር ክንፎቹን አጥብቦ የጭሱን ፍጥነት ስለሚጨምር፣ ዙሩ ሲያይልም ስለሚከፍታቸው፣ በአሸዋና በዳገት ላይ ጉልበቱ ሳይዘገይ ይደርሳል።

ነገር ግን የክንፎቹ መቆጣጠሪያ ሳይስተካከል፣ የጭስ ሙቀት መለኪያም ሳይገጠም ወደ ሞተሩ የሚገባውን የናፍጣ መጠን ብቻ የሚጨምሩ ጋራዦች መኖራቸው እጅግ ያሳስበኛል። የመጭመቂያ ምጥጥኑ (አየሩን በሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨምቅበት መጠን) ከ22 ለ1 በላይ የሆነው ይህ ሞተር ግፊትና ሙቀት ሲበዛበት ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሊሰነጠቅ፣ ፒስተኑም ሊቀልጥ ይችላል። ስለዚህ ባለንብረቱ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት መለኪያው መገጠሙን በዓይኑ አይቶ ያረጋግጥ።

አንድ ባለንብረት፣ ከአዳማ