አከራዮች፣ ውሻ ያለውን ተከራይ ከመመለሳችን በፊት እንጠይቅ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ድሬዳዋ ሳቢያን፣ ግቢዬ ውስጥ ያሉትን አራት ሰርቪስ ክፍሎች እያከራየሁ የምኖር ሴት ነኝ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ላሉ አከራዮች ነው፣ ተከራዮችም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ደላላ ሲደውልልን የምንጠይቀው የታወቀ ነው። ስንት ናቸው? ልጅ አላቸው? ሥራቸው ምንድነው? እኔ ደግሞ ሁልጊዜ "ውሻ ያለው እንዳታመጣብኝ" እል ነበር። ምክንያት ነበረኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ተከራይ ውሻውን ቆርቆሮ ሥር በአጭር ገመድ አስሮ ጠዋት ይወጣና ማታ ይመጣ ነበር፣ ያውም በድሬ የግንቦት ሙቀት፣ ውሃ እንኳ ሳያስቀምጥለት። ቀኑን ሙሉ ሲያላዝን ይውላል፣ ሽታው ሌላ ነው፣ በመጨረሻ ሰውዬው ቤቱን ሲለቅ ውሻውን ጥሎብኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በቃኝ አልኩ።

አምና ግን አንድ ልብስ ሰፊ መጣ። መስማት የተሳነው ወጣት ነው፣ ያነጋገረችኝ እህቱ ናት። በኪራዩ ተስማማን፣ በውሃውም በመብራቱም ተስማማን፣ ከዚያ ውሻ እንዳለው ነገረችኝ። አይሆንም አልኩ። ልጅቷ አልተቆጣችም። "እትዬ፣ እሱ ከሌለ በር ሲንኳኳ ማን ይነግረዋል?" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር አላመንኳትም፣ ግን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ከበደኝና እስቲ አንድ ወር እንየው አልኳት።

ወሩ ሳይሞላ በዓይኔ አየሁት። ከገበያ ስመለስ ቁልፍ ረስቻለሁ። የግቢውን በር ብደበድብ የሚከፍት የለም፣ ሌሎቹ ተከራዮች ሥራ ላይ ናቸው። በበሩ ክፍተት አጮልቄ ሳይ ልጁ በረንዳው ላይ አቀርቅሮ ሲንጀሩን ይረግጣል። ውሻው እስከ በሩ ሮጦ መጣ፣ አሸተተኝ፣ ተመልሶ ሄደና የልጁን ጉልበት በአፍንጫው ገፋ ገፋ አደረገው። ልጁ ጎማውን በመዳፉ ይዞ አቆመ። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ተነሣ፣ ውሻው እየቀደመ እሱ እየተከተለ መጥተው ከፈቱልኝ። ማንም አላሠለጠነውም፣ አብረው ሲኖሩ የለመደው ነው። እንግዲህ ያንን ውሻ ከግቢዬ ባስወጣ ልጁንም ማስወጣቴ ነው።

ሕግ የሚማረው የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ሌላው ዓለም ቀድሞ ያሰበበት ነገር መሆኑን አስረዳኝ። አሜሪካኖች የ1968ቱን የቤት ሕጋቸውን በ1988 ሲያሻሽሉ አካል ጉዳተኞችን ጨምረዋል። ስለዚህ እዚያ "እንስሳ አይገባም" የሚል አከራይ እንኳ ለአካል ጉዳተኛ በእርግጥ ለሚያስፈልገው እንስሳ ደንቡን ማላላት አለበት። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የኛም አገር የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 19 አካል ጉዳተኛ እንደማንኛውም ሰው የት እንደሚኖር የመምረጥ መብት አለው ይላል። ታዲያ እኛ በር ላይ ከመለስነው ምኑን መረጠ?

"ሰው ቢነክስስ?" የሚል አለ። እኔም ብዬ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2071 እንስሳው አምልጦ እንኳ ጉዳት ቢያደርስ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው ይላል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ቀልድ አይደለም፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው አይድንም። ስለዚህ ክትባት በየዓመቱ፣ ካርዱም ይታየኝ አልኩ። ለግቢው ሰው ሁሉ ደግሞ ነገርኩ፤ የትም ውሻ ቢነክሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። እዚህ ላይ ልጨምር፤ ስንቶቻችን ነን የራሳችንን የጥበቃ ውሻ ሳናስከትብ የተከራዩን የምንፈራው?

ከሕጉ ይልቅ ያሳሰበኝ የጎረቤት ነገር ነበር። ድሬ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ ነው የምንጋራው። አጠገቡ ያለችው ተከራዬ ሰጋጅ ናት፣ የውሻ ምራቅ ልብሷን ቢነካ እንደገና ሳታጥብ አትሰግድም። ሦስታችንም ቁጭ ብለን ቡና ጠጥተን ተነጋገርንበት፣ እህቱ በእጅ ምልክት እያስተረጎመች። ውሻው ቧንቧውና የልብስ ገመዱ ጋ አይደርስም ተባለ። ልጁ በረንዳውን በሽቦ ከፈለው። አቦ፣ ይኸው ስንት ወራችን፣ አንድ ቀን ቅር ተሰኝታ አላየኋትም።

ዝም ብሎ ለማጫወት ውሻ የሚፈልግ ተከራይስ? እሱ ላይ አከራዩ አይሆንም ማለት ይችላል ብዬ አምናለሁ፣ ጠባብ ግቢ ለውሻውም ስቃይ ነው። ብቻ ለይተን እንጠይቅ። ውሻው ምን ያደርግለታል ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

አሁን በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውል በጽሑፍ ነው፣ ከሁለት ዓመትም አያንስም። ሁለት ዓመት ከመጨቃጨቅ መጻፍ ይሻላል። እኛ ያስገባነው ይኸው፣ የሚፈልግ ይገልብጠው፦

"ተከራዩ መስማት የተሳነው በመሆኑ የሚረዳውን አንድ ውሻ ይዞ መኖር ይችላል። ለውሻው ተጨማሪ ኪራይ አይከፍልም። በየዓመቱ ያስከትባል፣ ካርዱን ለአከራይ ያሳያል፣ ግቢውን በንጽሕና ይይዛል፣ ውሻው ላደረሰው ጉዳት ይከፍላል።"

አከራይ ነኝ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ