ከድንገተኛ ክፍል ከመውጣታቸው በፊት

ክቡር አዘጋጅ፣

የአስም ሕመምተኛ ትንፋሹ ሲረጋለት ማዘዣ ይዞ ይሸኛል፤ ኢንሄለሩን (በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት) እንዴት እንደሚስብ ግን ያየለት የለም። «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ በእጁ ይዞ ያሳይ፦ ነቅንቆ፣ አየር አስወጥቶ፣ መሳብ ሲጀምር አንዴ ተጭኖ፣ በዝግታ ስቦ፣ 10 ሰከንድ ያህል ይያዝ። መጫኑና መሳቡ ካልገጠሙ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። መድኃኒቱን ከኢንሄለሩ ተቀብሎ ለመሳብ የሚያመቻች መቀበያ ዕቃ (ስፔሰር) ከጠፋ፣ መቀመጫው በኢንሄለሩ አፍ ልክ የተበሳ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያግዛል (በፈሳሽ ሳሙና ታጥቦ ሳይወለወል ይድረቅ፤ አለዚያ መድኃኒቱ ፕላስቲኩ ላይ ይጣበቃል)።

ሳልቡታሞል ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ግን ትልቁ ጥፋት ነው። የትንፋሽ ቧንቧውን ይከፍታል እንጂ የቧንቧውን ብግነት (መቆጣትና ማበጥ) አያጠፋም። ብግነቱን የሚቀንሰውን ኢንሄለር፣ ቤክሎሜታዞንን፣ ሻል ቢለውም በየቀኑ ይሳብ፤ ከሳበ በኋላ አፉን ተጉመጥምጦ ይትፋ። የክትትል ቀጠሮውም ከሳምንት አይለፍ።

አንድ የድንገተኛ ክፍል ባለሙያ