የፕሮግራሚንግ ክበብ፦ ከኢንቲጀር ጋር የከረምንበት ዓመት

ልጆቹ ወደ ክበቡ የመጡት ጌም ለመሥራት ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ኢንቲጀር፣ ማለትም ነጥብ የሌለው ሙሉ ቁጥር፣ ይጥራ ብዬ ያዝኩ። ብዙ ጊዜ ወሰደብን፤ ይገባዋልም።

ሙግቱ የጀመረው ከሒሳብ ነው። ሰሌዳ ላይ «ኤክስ = ኤክስ + 1» ብዬ ስጽፍ አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ሊሆን አይችልም!» አለች። በሒሳብ እውነቷን ነው። በምንማረው የፕሮግራም ቋንቋ በሲ ፕላስ ፕላስ ግን የ«=» ምልክት ትእዛዝ ነው፦ በቀኝ ያለውን አስላ፣ ውጤቱን በግራው ቫሪያብል (ዋጋ በሚቀመጥበት ስም ባለው ቦታ) አስቀምጥ። እስኪለምዱት ድረስ ደብተራቸው ላይ ሰንጠረዥ እያሰመሩ፣ ከየመስመሩ በኋላ የቫሪያብሉን ዋጋ ጻፉ። መብራት ሲጠፋም የምንሠራው ይህንኑ ነበር። በደብተር የለመዱት ልጆች ኋላ ኮምፒውተር ላይ ስህተታቸውን ቶሎ ያገኙ ነበር።

ጅማ ነንና ምሳሌያችን ቡና ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። 250 ኪሎ ስንት ፈረሱላ ይወጣዋል? ካልኩሌተር 14.7 ገደማ ይላል። ሁለቱም ቁጥሮች ኢንቲጀር ከሆኑ ግን ፕሮግራሙ 14 ይላል። ወደ 15 አያጠጋጋም፤ ከነጥብ በኋላ ያለውን ይጥለዋል። ብዙዎቹ ፕሮግራሙ የተበላሸ መሰላቸው። ከዚያ በፐርሰንት ምልክት ቀሪውን ሲጠይቁት 12 መለሰ። 14 ፈረሱላ ከ12 ኪሎ! ቡና ለሚመዝን ሰው ከ14.7 ይልቅ የሚጠቅመው ይሄ ነው።

በዚሁ ቀሪ አንድ ቡድን የጳጉሜን ቀናት የሚናገር ፕሮግራም ሠራ። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜ 6 ቀን ናት፤ አለዚያ 5። 2015ን አስገቡ፣ 6 አለ። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ሥራ ይህ ነው፤ ጥቂት መስመር ብቻ ነው፣ ግን ሐሳቡን ራሳቸው አመጡት።

ሌሎቹ ደግሞ ሂሳብ በሳንቲም የሚይዝ ፕሮግራም ጻፉ። 25 ሚሊዮን ብር ሲያስገቡ ኔጌቲቭ ቁጥር ወጣ። ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር (ቢት 0 ወይም 1 የሚይዝ የኮምፒውተር ቦታ ነው) ከ2,147,483,647 በላይ አይይዝም፤ በሳንቲም ከሆነ 21 ሚሊዮን ብር ላይ ይሞላል። ከዚህ በጣም የሚበልጥ ቁጥር የሚይዘውን የኢንቲጀር ዓይነት፣ «ሎንግ ሎንግ»፣ ሲያደርጉት ተስተካከለ። እግረ መንገዴን የአርያን 5ን ነገር ነገርኳቸው። ይህ ሮኬት በ1996 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ በረራው የጠፋው አንድ ቁጥር 16 ቢት ኢንቲጀር ውስጥ አልገባ ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ቫሪያብል ከማወጃቸው በፊት «ትልቁ ስንት ይደርሳል?» የሚሉት እነሱ ናቸው።

በመጪው ዓመት ሉፕ (ትእዛዝ መደጋገሚያ) እና አሬይ (የብዙ ዋጋዎች ዝርዝር) እንጨምራለን፤ ጌሙንም እንጀምራለን። አዲስ የምትመጡ፣ ላፕቶፕ ባይኖራችሁ አትጨነቁ። ባለ መስመር ደብተር ይዛችሁ ኑ።