የግንዛቤ መድረክ ብቻውን ደቻቱን አያጸዳም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከተማችንን አቋርጦ በሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ላይ ቆሻሻ መጣሉ ባልቆመ ቁጥር ሰበቡ አንድ ነው፦ «የግንዛቤ ማነስ»፤ መልሱም የግንዛቤ መድረክ ነው። ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ ድሬዳዋ ውስጥ የወንዙን ጉዳት የማያውቅ ማን አለ?

የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ዊልያም ኦግበርን እ.ኤ.አ. በ1922 እንዳስረዳው ቁሳዊ ነገር ቀድሞ ይለወጣል፤ ልማድና ደንብ ከኋላ ይጎተታሉ። የአትክልት ልጣጭ ጥሎ መሄድ ድሮ ብዙ አይጎዳም ነበር፤ ይበሰብሳል። ፌስታል መጣ፣ አጣጣላችን ግን ያው ቀረ፤ ቦዩም ተደፈነ።

መፍትሔው ላይ የሥነ ልቦና ምሁሩ ኩርት ሌዊን ይሻለኛል። ልማድ ባለበት የሚቆየው ወደ ለውጥ በሚገፉትና ከለውጥ በሚይዙት ኃይሎች ሚዛን ነው ይላል። ቅጣትና ዘመቻ መደራረብ ግፊትን ይጨምራል፤ ውጥረቱም አብሮ ይጨምራል፣ ዘመቻው ሲያልቅ ሰው ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ስለዚህ የሚይዘው ነገር ይነሳ። የከፊራ ገበያ ቸርቻሪ ማምሻውን ሲዘጋ የቆሻሻ ገንዳው ሞልቶ ከጠበቀው ምክር ምን ይሠራለታል? ገንዳው ከገበያው መዝጊያ በፊት ይነሳ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቅጣት እናውራ።

መድረኩ ካልቀረ እንኳ ተጋባዡ ይመረጥ። የአዲስ ነገር ስርጭትን ባጠናው በኤቨረት ሮጀርስ አከፋፈል አዲስ ነገር ቀድመው የሚሞክሩት 2.5 በመቶ፣ የሚከተሏቸው 13.5 በመቶ ናቸው፤ ቁጥሩ በስሌት የተበጀ መከፋፈያ እንጂ በየከተማው የተለካ አይደለም። ሌላው ሰው አይቶ የሚከተለው ሁለተኞቹን ነው። እነሱ ደግሞ በዕድርና እንደ ዕድር ባለው መረዳጃ ማኅበር በአፎቻ ውስጥ ይገኛሉ፤ ለአበል ብሎ መድረክ የሚመጣው ሁልጊዜ ከእነሱ ወገን አይደለም።

አንድ አንባቢ፣ ከድሬዳዋ