ተሰላፊ የሚመርጥ አሰልጣኝ ወደ ጸሎት አይጥራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ቡድኖች ዘንድ ክርስቲያን አገልጋዮች እምነታቸውን ለተጫዋቾች ማካፈላቸው እያከራከረ ነው። አገልግሎቱ የቆየ ነው፤ የክርስቲያን ስፖርተኞች ኅብረት የተሰኘው ድርጅት እንኳ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በባሕር ዳር ወጣቶችን ሳሠለጥን የኖርሁ ኦርቶዶክሳዊ እንደ መሆኔ፣ ጉልበቱ ተጎድቶ ከሜዳ የራቀ ልጅ ከሐኪሙ ሌላ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያጽናናው ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልገው አውቃለሁና አገልጋዮቹ ይወገዱ በሚለው ሐሳብ አልስማማም።

የሚያሳስበኝ አገልጋዩ በማን በኩል ወደ ተጫዋቹ ይደርሳል የሚለው ነው። ማን እንደሚሰለፍና ማን ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስነው አሰልጣኝ «ኑ፣ አብረን እንጸልይ» ሲል፣ ግብዣው በፈቃደኝነት ነው ቢባልም ልጁ እምቢ ለማለት አይደፍርም። በብሬመርተን ከተማ፣ ከጨዋታ በኋላ ሜዳ መሀል ተንበርክኮ ይጸልይ ለነበረ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 በ6 ለ3 ድምፅ ፈርዶለታል። የማንም ሰው የግል ጸሎት ሊጠበቅለት ይገባል፤ ሆኖም በዚያው ጉዳይ አንድ ወላጅ፣ ልጃቸው ካልጸለየ የመጫወት ዕድሉ የሚቀንስ እየመሰለው ሳያምንበት ይሳተፍ እንደነበር ማመልከታቸው ሊዘነጋ አይገባም።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ያረጋግጣል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ይደነግጋል። በዚህች ከተማ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ አንድ ማሊያ ለብሰው ይጫወታሉ። የንስሐ አባቱን የሚፈልግ ልጅ በጣና ዳር ወዳለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ራሱ ይሄዳል፤ ማንም አሰልጣኝ እጁን ይዞ ሊወስደው አይገባም። አሰልጣኙ ለእምነት ሊያደርግ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናትም ሆነ በረመዳን የልምምዱን ሰዓትና ክብደት ጿሚው በማይጎዳበት መንገድ ማስተካከል ይኖርበታል። ይህን ሲዘነጉ ያየኋቸው አሰልጣኞች ጥቂት ስላልሆኑ ጉዳዩ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የስፖርት ክፍሎች ሁለት ነገር በጽሑፍ እንዲደነግጉ እጠይቃለሁ፤ የየትኛውም እምነት አገልጋይ ተጫዋቹ ራሱ ሲጠራው ብቻ ይምጣ፤ ማን ጸሎት ላይ እንደ ተገኘና ማን እንደ ቀረም ለአሰልጣኙ አይንገር።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የስፖርት መምህር፣ ከባሕር ዳር