በጨረቃ ላይ ዛሬም የሚከፈቱ ጉድጓዶች

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የደሴ ብርድ እንደምታውቀው ነው። ባለፈው በስልክ «የጨረቃ ጉድጓዶች ሁሉ የጥንት ናቸው፤ አሁን እዚያ የሚለወጥ ነገር የለም» ስትለኝ መልስ ሳልሰጥህ እናትህ ስልኩን ስለወሰደችብኝ፣ ነገሩም በሁለት ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ፣ በጽሑፍ ላስረዳህ ወደድሁ።

ከምድር ሆነን የምናያቸው ትላልቆቹ አብዛኞቹ በቢሊዮን የሚቆጠር ዓመት ያስቆጠሩ መሆናቸው እውነት ነው። ድብደባው ግን አልቆመም። ጨረቃ የሚከላከልላት ከባቢ አየር ስለሌላት፣ እኛ ዘንድ ሰማይ ላይ ነዶ ተወርዋሪ ኮከብ ሆኖ የሚቀረው ትንሽ ድንጋይ እዚያ ፍጥነቱ ሳይቀንስ ወለሉን ይመታል። በሰከንድ ብዙ ኪሎ ሜትር እየበረረ ስለሚመጣም ከራሱ ብዙ እጥፍ የሚሰፋ ጉድጓድ ይከፍታል።

እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2013 የናሳ ተመልካቾች በጨረቃ ጨለማ ክፍል ላይ አንድ ብልጭታ መዘገቡ። ብልጭታውን የፈጠረው ድንጋይ 40 ኪሎ ግራም ገደማ እንደሚመዝን ተገምቷል፤ ብልጭታው ግን በዚያች ቅጽበት ጨረቃን የተመለከተ ሰው ያለ መሣሪያ ሊያየው የሚችል ነበር። እኛ ጋ ነግቶ ስለነበር፣ ጨረቃም ከጦሳ ተራራ ጀርባ ከጠለቀች ስለቆየች፣ ከደሴ የሚታይ አልነበረም። ከ2009 ጀምሮ ጨረቃን የሚዞረው ሉናር ሪኮነሰንስ ኦርቢተር የተባለ የናሳ መንኩራኩር በኋላ ቦታውን ፎቶ ሲያነሣ 18 ሜትር ስፋት ያለው አዲስ ጉድጓድ ተገኘ፤ ከጉድጓዱ የተፈናጠረው ነገር የተወው ምልክትም እስከ 30 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ ታየ።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ አፈላለጉ ነው። አንድን ቦታ በተለያየ ጊዜ ያነሡ ሁለት ፎቶዎች ይነጻጸራሉ፤ ነገር ግን ፀሐይ በሁለቱም ላይ ከተመሳሳይ አቅጣጫና ከፍታ ማብራት አለባት። ጦሳን ጧትና አመሻሽ ላይ አስተያይተህ ከሆነ ምክንያቱን አታጣውም፦ ጧት ፀሐይ ፊት ለፊት ስታበራበት ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሸንተረር፣ ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲውጠው የሌለ ይመስላል። ብርሃኑ ካልተመሳሰለ ጥላው ሁሉ አዲስ ጉድጓድ ይሆንብሃል። ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ከ14,000 በላይ የፎቶ ጥንዶችን መርምረው 222 አዳዲስ ጉድጓዶች ማግኘታቸውን በ2016 አሳተሙ። ስፋታቸው 10 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑት አስቀድሞ ከተገመተው በ33 በመቶ በልጠው ተገኙ።

ከዚህም የባሰው የተፈናጣሪው ጉዳይ ነው። ከየጉድጓዱ የሚረጨው አፈርና ጠጠር ሌላውን ወለል እየመታ ስለሚያገላብጠው፣ የላይኛው 2 ሴንቲ ሜትር አፈር በ81,000 ዓመት ውስጥ ይታመሳል፤ ይህም ቀድሞ ከታሰበው ከ100 እጥፍ በላይ የፈጠነ ነው። የጠፈርተኞቹ የእግር አሻራ ለዘላለም ይኖራል የሚሉህን እንግዲህ አትመናቸው። አንተም ምሕንድስና ተማሪ ነህና፣ እዚያ ቤት እንሥራ ለሚሉት ሰዎች አንድ ድንጋይ በቀጥታ ጣሪያቸውን ከመምታቱ ይልቅ ከሩቅ የሚመጣው ፍንጣሪ ይበልጥ ሊያሳስባቸው እንደሚገባ ልብ በል።

ሰውም በበኩሉ ይጨምርበታል፤ በ2022 አንድ የተጣለ የሮኬት አካል ከጨረቃ ጀርባ ወድቆ 18 እና 16 ሜትር የሆኑ ተያያዥ ጉድጓዶች ከፍቷል።

ለዒድ ስትመጣ ቴሌስኮፕ ከጓደኞችህ መዋስ ከቻልህ ይዘህልኝ ና። ጨረቃዋ ከታየች ከአራት አምስት ቀን በኋላ፣ አብዛኛው ፊቷ ገና ጨለማ ሳለ፣ ብልጭታ ለመፈለግ የሚመቸው ጊዜ ነው። በቪዲዮ መቅረጽ አለብን፤ ከሰከንድ በታች የሚቆይ ብዙ ነውና። ባለሙያዎቹ በሐሰተኛ ብልጭታ እንዳይሳሳቱ ሁለት ቴሌስኮፖችን በአንድ ጊዜ ስለሚያነጣጥሩ፣ ሁለተኛ ካገኘህ እሰየው፤ ካላገኘህም በአንዱ እንሞክራለን።

አባትህ
ደሴ