ማራችን ቁስል ላይ ይደረጋል ወይ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ሱቃችን የሚመጣውም፣ የሚደውለውም የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፦ «ማራችሁ ቁስል ላይ ይደረጋል ወይ?» ናሙና ወደ ላቦራቶሪ መላካችንን የሰሙ ደግሞ «ጀርም ይገድላል ተብሏል አሉ፤ እንግዲያው መድኃኒት ነው» ይሉናል። አይደለም። ከእኛ የገዛችሁት የሚበላ ማር ነው። ለምን እንዲህ እንደምንል በደንብ እንድታውቁልን እንፈልጋለን።

ማር ጀርም መግደሉ እውነት ነው። አያቶቻችን ቁስልን በማር ሲያክሙ ያለ ምክንያት አልነበረም። በደንብ የበሰለ ማር ውስጥ ያለው ውኃ ከ20 በመቶ አይበልጥም። ሌላው በአብዛኛው ስኳር ነው። ጨው የቋንጣን ውኃ እንደሚስበው፣ ስኳሩም የባክቴሪያውን ውኃ ይመጥበታል። ማር አሲድነትም አለው፤ ይህም ለብዙ ባክቴሪያ አይመችም። ከሁሉ የሚገርመን ግን ንቦቹ ራሳቸው የሚጨምሩበት ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው። ወፍራም ማር ውስጥ እምብዛም አይሠራም። ማሩ ከቁስል በሚወጣ ፈሳሽ ሲቀጥን ግን ሥራ ይጀምርና ቀስ እያለ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያወጣል። ቁስል ሲታጠብበት አረፋ የሚያወጣው ፈሳሽ ማለት ነው፤ ማር ውስጥ ግን መጠኑ በጣም ትንሽ ነው።

ይህ ኢንዛይም ሙቀትና ብርሃን አይወድም። ስለዚህ ማር ሲረጋ እሳት ላይ አትጣዱት። መርጋቱ ስኳር ተቀላቅሎበታል ማለት አይደለም።

ወደ ምርመራው እንምጣ። ክብ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አጋር የሚባል የረጋ የባክቴሪያ ምግብ ይዘጋጃል። እዚያ ላይ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ይዘራበታል። ቁስል ከሚያመረቅዙት ባክቴሪያዎች ዋነኛው እሱ ነው። ከዚያ አጋሩ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ይበጁና በአንዱ የቀጠነ ማር፣ በሌሎቹ መጠኑ የታወቀ ፌኖል የሚባል ጀርም ገዳይ ኬሚካል ይጨመራል። ሳህኑ በ37 ዲግሪ ሙቀት ያድራል። በማግስቱ ማሩ ከሠራ፣ በጉድጓዱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል። ክቡ በሚሊሜትር ይለካል። 10 በመቶ ፌኖል ካወጣው ክብ ጋር እኩል ከሆነ የማሩ ኃይል 10 ነው ይባላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኛ ግን ቀጥሎ ያለውን ነው በጉጉት የምንጠብቀው። ያው ምርመራ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም ተጨምሮበት ይደገማል። ካታሌዝ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድን ያፈርሳል፤ በደማችንና በሰውነታችንም ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ሳህን ላይ ጉልበት ያሳየ ማር ቁስል ላይ ሊደክም ይችላል። የኒውዚላንዱ ማኑካ ማር ስሙ የገነነው በዚህ ነው። ካታሌዝ ተጨምሮበትም ጀርም ይገድላል። ምክንያቱ ሜቲልግላይኦክሳል የሚባል ንጥረ ነገር መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሞ ወጥቷል። ይህ ግን ከማኑካ አበባ የመጣ ነው። በጣና ዙሪያ ያሉት ንቦቻችን የሚቀስሙት ኑግ፣ አደይ አበባ፣ ብሳና፣ ግራዋ ነው። የማኑካን ውጤት ወስደን የራሳችን ማር ላይ ብንለጥፍ ውሸት ይሆናል። ማኑካ ስላልሆነ አይረባም ማለትም እንዲሁ።

የእያንዳንዱን ቆረጣ ማር ለብቻው የምናስመረምረው ለዚህ ነው። የጥቅምትና የኅዳር ማር ከግንቦቱ ጋር አንድ አይደለም፤ አበባው ይለያያል። ስለ ጣዝማ ማርም ብዙዎቻችሁ ትጠይቁናላችሁ። ጣዝማ መሬት ውስጥ የምትኖር፣ የማትናደፍ ሌላ የንብ ዓይነት ናት። ማሯ ቀጠን፣ ኮምጠጥ ያለ ነው። ለብቻው ካልተመረመረ በቀር ስለ እሱ ቃል አንሰጥም።

አሁን ዋናውን ጉዳይ እንንገራችሁ። ማር ጀርም ይግደል እንጂ ራሱ ከጀርም የጸዳ አይደለም። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው መርዝ የሚያወጣ ባክቴሪያ ስፖር፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ያለው ዘሩ፣ ማር ውስጥ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ማቅመስ የተከለከለው በዚህ የተነሳ ነው። እባካችሁ አራስ ቤት ስትሄዱ ይህን ንገሩ። ሐኪም ቤት ለቁስል የሚሠራበት ማር በጋማ ጨረር የጸዳ ነው። ጨረሩ ስፖሩን ሲገድል የማሩን ኃይል አይነካም። ማፍላት ግን ኢንዛይሙን ያጠፋዋል፤ ስፖሩም ላይሞት ይችላል። እኛ በጨረር አናጸዳም። ስለዚህ የላቦራቶሪ ውጤታችን ምንም ያህል ቢያምር፣ የምንሸጠውን ማር የቁስል መድኃኒት ብለን አንጠራውም።

በተለይ የስኳር ሕመም ኖሯችሁ እግራችሁ ላይ ቁስል ካለ፣ ወይም እሳት ካቃጠላችሁ፣ ማራችንን ቀብታችሁ ቤት አትቀመጡ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቀደም ብላችሁ ቀብታችሁ ከሆነም ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት።

ከአሁን በኋላ በየማሰሮው ክዳን ላይ የቆረጣውን ቁጥር እንጽፋለን። ቁጥሩን ይዛችሁ ሱቅ ከመጣችሁ፣ የዚያን ቆረጣ ውጤት ካታሌዝ ሳይጨመርበትም ተጨምሮበትም እናሳያችኋለን። ውጤቱ ገና ካልደረሰልንም እንዳልደረሰ እንነግራችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የማር ሱቁ ባለቤቶች
ባሕር ዳር